ለማጅራቴ ሕመም አኩፓንክቸር ሞክሬ ያየሁት

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መርፌው አያምም ወይ?» ብሎ ነው። ያማል፤ ግን እንደምታስቡት አይደለም። አኩፓንክቸር ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየተከሉ የሚሰጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው፤ መርፌው መድኃኒት የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። ውፍረቱም ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲገባ ቆንጠጥ አድርጎ ያልፋል። የሚገርመው ከገባ በኋላ ያለው ነው። ቦታው ከበድ፣ ደንዘዝ፣ ሞቅ ይላል። ቻይኖቹ ይህን ስሜት «ደ ቺ» ይሉታል። መርፌው ቦታውን ለማግኘቱ ምልክት ነው ብለው ያምናሉ።

መርፌው ጋ ከመድረሴ በፊት ያለውን ግን ዘልዬው አልሄድም። ከመርፌው እኩል የጠቀመኝ እሱ ነውና።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ሰኔ ላይ ተማሪው ሲጎርፍ አንገቴን እንደደፋሁ ይመሽብኛል። ሕመሙም የጀመረኝ ያኔ ነው። ከማጅራቴ በስተቀኝ ይነሳና ኮረንቲ የሚመስል ውጋት ሽቅብ እስከ አናቴ ይወጣል። ሰከንዶች ቆይቶ ይለቀኛል። ድንዝዝ ያለው ሕመም ግን ይቀራል፤ ከቀኝ ዓይኔ ጀርባ ሳይቀር ይሰማኛል። ፀጉሬን ማበጠር መከራ ሆነ። ሹሩባ የሚባል ነገርማ ተረሳ። በዚያ ጎን ትራስ ላይ መተኛትም ቀረ።

መቼም አገራችን ለራስ ምታት መድኃኒት የማያውቅ የለም። እማዬ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «ዋግምት ካልታገምሽ አይለቅሽም» አሉኝ። አንዱ ደንበኛዬ ደግሞ ማጅራቴን ያመኛል ስለው ማጅራት ገትር መስሎት ወንበሩን ራቅ አደረገ! ማጅራት ገትር ትኩሳት አለው፣ ማስታወክ አለው፣ አንገት ያደርቃል። እኔ ግን ቆሜ እሠራለሁ። አንድ ክሊኒክ ማይግሬን ነው አለኝ፣ ሌላው መነጽር አዘዘልኝ። በመሃሉ ከፋርማሲ የምገዛው ማስታገሻ በዛ። በኋላ እንደተነገረኝ ተራ ማስታገሻን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መዋጥ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

መፍትሔው የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ የነርቭ ሐኪም ሳገኝ ነው። ዶክተሩ ብዙ አልጠየቀም። ከራስ ቅሌ ጀርባ፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ያ ኮረንቲ ሽው ብሎ አናቴ ላይ ወጣ። ጮህኩ። እሱ ፈገግ አለ። «ኦክሲፒታል ኒውራልጂያ» ይባላል አለኝ።

እንዳስረዳኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የአንገት አጥንት አጠገብ የሚወጣ ነርቭ አለ። የማጅራትን ጡንቻዎች ሰንጥቆ ወደ ራስ ቆዳ ይወጣል። ጡንቻው ሲጨብጠው ወይም ነርቩ ሲቆጣ ይህ ውጋት ይመጣል። ዓይኔን ለምን እንደሚያመኝ ስጠይቀው ደግሞ የላይኛው አንገት ነርቮችና የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ (ትራይጀሚናል) መልእክታቸውን የሚያደርሱት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ አንጎል የት እንደታመመ ይምታታበታል አለኝ። ብዙ ሰው ማይግሬን ነው የሚባለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ማረጋገጫው ደስ ይላል። ነርቩ አጠገብ ማደንዘዣ ይወጉበታል። ሕመሙ ለጊዜው ከጠፋ ምርመራው ትክክል ነው ማለት ነው። እኔ ላይ ከደቂቃዎች በኋላ ጸጥ አለ። ማታ ማታ የምውጠው አሚትሪፕቲሊንም ታዘዘልኝ፤ በትንሽ መጠን። ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል ሳነብ ደንግጬ ነበር። ለነርቭ ሕመምም እንደሚሰጥ አስረዱኝ። አፍ ያደርቃል፤ ጠዋትም ዓይን ቶሎ አይገለጥም።

ለሳምንታት ሰው ሆኜ ከረምኩ። ጥምቀትን ፋሲል መዋኛ በብርድ አድሬ በማግስቱ ሕመሙ ተመለሰ። ብርዱ ይሁን የማደንዘዣው ጊዜ ማለቁ፣ ማን ያውቃል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አኩፓንክቸር ሞክሪ ያለችኝ ይሄን ጊዜ ነው። ዶክተሬን ጠየቅኩት። «አይጎዳሽም። ክኒኑን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ» አለኝ።

ችግሩ አኩፓንክቸር አንድ ጊዜ ተወግተው የሚመለሱበት ነገር አለመሆኑ ነው። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2012 ለማይግሬንና ለውጥረት ራስ ምታት ሲመክር ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ ብሏል። ከጎንደር መመላለስ አይታሰብም። የጽሕፈት ቤቴን ለወንድሜ አደራ ብዬ ከአዘዞ በአውሮፕላን ሄድኩ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እህቴ ቤት ከረምኩ። ማረፊያ ለሌለው ሰው ትልቁ ወጪ መርፌው ሳይሆን ይሄ ነው።

ባለሙያዋ ከመውጋቷ በፊት የጠየቀችኝ ነገር ብዙ ነው። እርጉዝ ነሽ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ልብሽ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? ደም ስታዪ ይደክምሻል? ቁርስ በልተሻል? የመጨረሻው ላይ ተያዝኩ። ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ባዶ ሆድ መርፌ ሰውን ሊያዞር ይችላል ብላ ቀጠሮዬን እህል ከቀመስኩ በኋላ አደረገችው። ይሄኔ አመንኳት። የማይጠይቅ ባለሙያ ቢገጥመኝ ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር።

መርፌዎቹን ከታሸገ ወረቀት ፊቴ ከፈተች፤ ሲያልቅም ወደ ሹል ማስወገጃው ጣለቻቸው። ይህን ሳታዩ አትወጉ። በደም የሚተላለፍ በሽታ ቀልድ የለውም። የዋግምቱን ምላጭ እምቢ ያልኩትም ለዚሁ ነው። እትዬ «ይኸማ ያው የኛው ዋግምት ነው» ቢሉኝም።

ከማጅራት በላይ፣ ከራስ ቅል ሥር በሁለቱም በኩል ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ «ፌንግ ቺ» ይባላል። የሕመሜ ነርቭ በሚያልፍበት ሠፈር ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ደግሞ «ሄ ጉ» አለ፤ ይህ ለነፍሰ ጡር አይወጋም። የማጅራቱ ቦታ ጥልቀቱና አቅጣጫው በጥንቃቄ ይለካል፤ ከሥሩ የአንጎል ግንድ ስላለ። ዩቲዩብ አይቶ የሚሞክር ሰው ካለ እባካችሁ ያዙልኝ። ከተወጋሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተኝቼ እቆያለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። እንዲያውም በማግስቱ ማጅራቴ ቆሰል ያለ መሰለኝ። ማስታወሻ ይዤ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየመዘንኩ፣ ውጋቱ ስንቴ እንደመጣ ማታ ማታ እጽፍ ነበር። ለውጡ መጀመሪያ የታየው እንቅልፌ ላይ ነው። ከዚያ አንገቴ ለቀቅ አለ። ውጋቱ የቀነሰው በመጨረሻ ነው፤ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። ማስታወሻው ባይኖር «ድኛለሁ» ወይም «አልጠቀመኝም» ብዬ በስሜት እናገር ነበር።

ነርቩን መርፌው ፈወሰው ብዬ አልምልም። ክኒኑም ነበር፣ ከኮምፒውተሩ ርቄ ማረፌም ነበር። ጥናቱም ቁጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ ማይግሬን ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን አይቷል። ተራውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ከ100 ሰው የ17ቱ ራስ ምታት በግማሽ ቀነሰ፤ አኩፓንክቸር ሲጨመር 41 ሆነ። እውነተኛውን መርፌ ለማነጻጸሪያ ከሚወጋ የውሸት መርፌ ጋር ባወዳደሩት ጥናቶችስ? በውሸቱ 41 ከ100፤ በእውነተኛው 50። ልዩነቱ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ለእኔ ዓይነቱ የነርቭ ሕመም ደግሞ ያለው ማስረጃ ከዚህም ቀጭን ነው። «መቶ በመቶ እናድናለን» ብሎ የሙሉውን ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅ ካለ ሽሹት። እኔ በየቀጠሮው ነበር የምከፍለው።

አንድ ነገር ግን መርፌም ክኒንም አይጠብቅም። ድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ እንደ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት ካለ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አሁን ጎንደር ተመልሼ ሥራ ላይ ነኝ። የኮምፒውተሩን ስክሪን በወረቀት ደስጣ ከፍ አድርጌዋለሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን የአንገት እንቅስቃሴ ደንበኛ ፊትም ቢሆን እሠራለሁ፤ ይስቁብኛል። ክኒኑን ዶክተሩ እየቀነሰልኝ ነው። ውጋቱ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ሹሩባዬን ግን ተሠርቻለሁ። እንደገና ከበረታብኝ መጀመሪያ የምሄደው እዚሁ ዶክተሬ ጋ ለማደንዘዣው ነው። ቅርብ ነው፣ በደቂቃም ይታወቃል። አዲስ አበባ የምሄደው እሱ ካልያዘ፣ እህቴም ከፈቀደች ነው።