ፍላሽ እና ፕሪንት ቤት

ዛሬ እረፍት ነው ብዬ አክስቴ ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ሳክም ዋልኩ። ልጇ የመመረቂያ ጽሑፉን ፕሪንት ቤት ወስዶ ሲመለስ ፍላሹ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ሆኖ ጠበቀው። ፊቱ አመድ መስሏል። "በቃ ጠፋ?" ይለኛል።

ኧረ አልጠፋም! ይሄ ቫይረስ ዋናውን ፋይል ደብቆ በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ያንን ስትከፍቱት ነው ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሰፍረው። (ፎርማት አድርገው ያለውን ጓደኛውንስ ምን ልበለው?) ዊንዶውሱን ክራክ ያደረገለት ልጅ ዲፌንደሩን (የዊንዶውስን የራሱን ጸረ-ቫይረስ) አጥፍቶት ኖሯል። አብርተን ስካን አደረግን፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ስናደርግ ጽሑፉ ከነምዕራፉ ቁጭ ብሏል። አክስቴ ከጓዳ እልልታውን አቀለጠችው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ዊንዶውሱ ነው፤ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ እንደ ድሮው በራሱ አይደፈንለትም። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ 11ን አይቀበልም። ለጊዜው ጽሑፉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭነንለታል። ለፕሪንት ከእንግዲህ ፒዲኤፉን ከስልኩ በቴሌግራም ይልክላቸዋል፤ ፍላሹ ቤት ይቀመጣል።