በአንድ ቦይ ሁለት ሥራ

ጥር ውስጥ ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። ስልኬ ጠራ። ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር የሳኒተሪ ሥራ የሠራሁላቸው እናት ናቸው።

«ልጄ፣ የማድቤቴ ግድግዳ ትኩሳት ይዞታል» አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። እንጀራ ሲጋግሩ ግድግዳው ይግላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ሃያኛዋ እንጀራ ላይ ሲደርሱ ብሬከሩ ይወድቃል። ኤሌክትሪሻኑን ሁለት ጊዜ ጠርተውታል። ብሬከሩን ቀየረ፣ የምጣዱን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም።

«ልጁ ሥራውን አያውቀውም መሰለኝ። ምናልባት የፍል ውሃው ቧንቧ ፈንድቶ እንደሆነ ብዬ ነው ላንተ የደወልኩት።»

«የትኛው ግድግዳ ነው እትዬ?»

«ከምጣዱ ጀርባ ያለው ነዋ።»

ክው አልኩ። ያን ግድግዳ በደንብ አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ሲያልቅ የፋሲካ ጥድፊያ ነበር። ባለቤቶቹ በዓሉን አዲሱ ቤት ውስጥ ማክበር ፈልገዋል። ለሳኞቹ በማግስቱ ጠዋት ይገባሉ ተብሏል። እኔ ደግሞ ጣሪያ ላይ ካለው ሶላር ወደ ማድቤትና ወደ ሻወር የሚወርደው የፍል ውሃ መስመር ቀርቶኛል። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ለአዲስ ቦይ ግራይንደር ይዤ አቧራ ልቅም፣ ዲስክ ልጨርስ፣ ግማሽ ቀን ልቆም ነው። ዞር ስል ኤሌክትሪሻኑ ለምጣዱ ያወጣው ቦይ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ውስጡ አንዲት ኮንዲዩት፣ ሽቦ የሚያልፍባት የፕላስቲክ ቱቦ፣ ብቻ አለች።

ታዲያ ምን ላድርግ? ፒፒአሬን፣ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧዬን፣ እዚያው አስገባሁት። እንዳይወዛወዝ ብዬ በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ከኮንዲዩቱ ጋር አራት ቦታ ጠፍሬ አሰርኩት። ኤሌክትሪሻኑ ያን ቀን ሌላ ሳይት ነበር። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ሥራዬ አኩርቶኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ብዙ ዓመት ዝም ይል ነበር። የፍል ውሃ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የሚሞቀው ቧንቧው ሲከፈት ነው። ከተዘጋ በኋላ ቀስ በቀስ ይበርዳል። እዚያ ሰፈር ግን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሰው የሚኖረው በሮቶ ነው። እትዬ ደግሞ ሙቁ እስኪደርስ ድረስ ቀዝቃዛው በከንቱ ሲፈስ ማየት አይወዱም። ስለዚህ እኔው ራሴ መመለሻ መስመርና ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩላቸው። ፓምፑ ፍል ውሃውን ሌት ተቀን ያዞረዋል፣ ሲከፍቱት ወዲያው ሙቅ ይመጣል። በጣም ተመረቅኩበት። ያን ግድግዳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላውቀው ማሞቂያ አድርጌዋለሁ።

ከመሄዴ በፊት ለኤሌክትሪሻኑ ደወልኩ። «እትዬ ቤት እንገናኝ» ብቻ አልኩት። ምክንያቱን በስልክ መናገር ከበደኝ።

ስደርስ ቀድሞኝ ነበር። ዋናውን ብሬከር አጠፋ፣ በቴስተር አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ልስኑን በመሮ መታሁት። አንድ ክንድ ያህል እንደተከፈተ ሁለታችንም ዝም አልን። ኮንዲዩቱ ለስልሶ ከቧንቧዬ ጋር ተጣብቋል። ማሰሪያ ሽቦዬ ውስጡ ሰርጉዷል። ኮንዲዩቱን ሲቆርጠው የሽቦዎቹ ልባስ ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰባበራል። አንድ መታጠፊያ ላይ መዳቡ ራቁቱን ይታያል።

የቧንቧውን ሙቀት ለካው። 63 ዲግሪ።

ከዚያ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ በእርሳስ ማስላት ጀመረ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማላውቀውን ነገር ነው የነገረኝ። ተራው የፒቪሲ ልባስ ያለው ሽቦ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ይህ ሽቦው ራሱ ሥራ ላይ ሆኖ የሚያመነጨውንም ሙቀት ጨምሮ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የሚጻፈው የአምፔር ልክ ደግሞ ዙሪያው 30 ዲግሪ ነው ተብሎ የተሰላ ነው። በኮንዲዩት ሆኖ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በ30 ዲግሪ 32 አምፔር ገደማ ይሸከማል። ዙሪያው 50 ዲግሪ ሲሆን አቅሙ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። 60 ዲግሪ ሲሆን ግማሹ ብቻ ይቀራል፣ 16 አምፔር ማለት ነው።

የእትዬ ምጣድ 3,800 ዋት ነው። በ220 ቮልት 17 አምፔር ይስባል። መብራት ወይም ቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ምጣድ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ነው የሚሠራው።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን ቀድሞ አልወደቀም?» አልኩት።

«ባለ 25 ነዋ። እሱ የሚያየው አምፔሩን ነው። ያንተን ቧንቧ በምን ያየዋል?»

የወደቀው ልባሱ አልቆ ሽቦዎቹ መነካካት ሲጀምሩ ነው። የእትዬ ልጅ «ባለ 40 አድርግልንና እንገላገል» ብሎት ነበር አሉ። እምቢ ብሏል። ያን ቀን እሺ ቢል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ቧንቧዬ የድሮው ብረት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያ የተራቆተ መዳብ ኮንዲዩቱን አልፎ ቢነካው መብራቱ እስከ ሻወሩ ድረስ ይሄዳል። እዚህ ላይ ያዳነኝ የፒፒአር ፕላስቲክነት እንጂ የኔ ጥንቃቄ አይደለም።

እትዬ በር ላይ ቆመው ያያሉ። «እና ማነው ያበላሸው?» አሉ።

ኤሌክትሪሻኑ ማሰሪያ ሽቦዋን በጣቱ ይነካካል። የፌሮ ማሰሪያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይጠቀምም። ማን እንዳሰራት ገብቶታል። ግን ዝም አለ።

«እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። «እሱ በደንብ ነው የሠራው። የሱ ቦይ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ትንሽ አዩኝ። «አይ ልጄ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲወጡ ግን ሁለት ስኒ ቡና ይዘው ነበር፣ የመጀመሪያውን ለእሱ ሰጡት።

ጥገናው ሁለት ቀን ፈጀ። ሽቦውም፣ ልስኑም፣ ቀለሙም ከኔ ኪስ ነው የወጣው። ለምጣዱ አዲስ ሽቦ በሌላኛው ግድግዳ አወረደ። የኔን ቧንቧ ከቦታው ሳላነሳ በጥቁር ስፖንጅ ሸፈንኩት፣ ከላይ እስከ ታች። ይህ ስፖንጅ በየሱቁ አለ። ብዙዎቻችን የምንገዛው ውሃው እንዳይበርድ ብለን ነው፣ እሱንም ባለቤቱ ከጠየቀ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ መስመሮች የግድ ይሻገራሉ። እዚያ ጋ ቀጥ ብለው እንዲሻገሩ አደረግን፣ መሃላቸው ላይ ክፍተት ተውን። ፓምፑንም ሰዓት ቆጣሪ ገጠምንለት፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ይሠራል። ሌሊት ማን ይታጠባል?

ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግተን ግድግዳውን በስልክ ፎቶ አነሳነው። ነገ ሥዕል ልስቀል የሚል ሰው ድሪል ይዞ ሲመጣ ቧንቧው የት፣ ሽቦው የት እንዳለ ይታያል። ፎቶው እትዬም ስልክ ላይ አለ።

ልስኑ እንደደረቀ እትዬ ሊጥ አቡክተው ጠሩን። ምጣዱ ጋለ፣ እንጀራው መውጣት ጀመረ። ሦስታችንም እንቆጥራለን። ሃያኛዋ ወጣች። ሃያ አምስተኛዋ ወጣች። ኤሌክትሪሻኑ ተነስቶ መዳፉን አሮጌው ግድግዳ ላይ አደረገ። ቀጥዬ እኔ አደረግኩ። እትዬም ሊጥ የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው መጡና ዳሰሱት።

«ለቆታል» አሉ።