የጳጉሜ ማርማላታ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1 ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ሴፕቴምበር ነው የሚለው፤ እኔ ግን ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን የእኛን ካላንደር ሳላይ ቀኑን አልጀምርም። ገና ቡናዬን ሳልጨርስ የጓሮው አጥር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ባልዲ ሙሉ ቢጫ ፕሪም በአጥሩ ላይ አሻገሩልኝና "ዛሬውኑ ካልሠራሽው ይበላሻል" ብለው ወደ ዶሮዎቻቸው ተመለሱ።

81 ዓመታቸው ነው። በስሜ ጥሪኝ ይሉኛል፤ እዚህ አገር ትልቅም ትንሹም የሚጠራራው በስሙ ነው። አፌ እሺ አላለኝም። አንድ ቀን ሳላስበው "እማማ" አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እማማ ናቸው። አምና ለገና በላኩልኝ ካርድ ላይ ራሳቸው "ከእማማ" ብለው ነው የፈረሙት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ካርዱን እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ውስተርሸር በሚባል አውራጃ ውስጥ ነው፣ በኢቭሻምና በፐርሾር መካከል ያለች ትንሽ መንደር። ኤቨን ወንዝ በአጠገባችን ያልፋል። ዕቃ ሳጥብ ፊት ለፊት የሚታየኝ የብሬደን ኮረብታ ነው። አካባቢው የታወቀ የአትክልትና የፍራፍሬ አገር ነው። ቢጫው ፕሪም ራሱ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው፤ ፐርሾር አጠገብ ቲድስሊ በሚባል ጫካ ውስጥ በቅሎ ነው የተገኘው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። "ቢጫ እንቁላል" ይሉታል፣ ቅርጹም እንደዚያው ነው። ጥሬውን ሲበሉት ይጎመዝዛል። ለማርማላታ ግን እኔ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው አላገኘሁም።

ስለዚህ ቀኑ በማርማላታ አለፈ። ድስቱ ሰፊ ነው፣ ከቻሪቲ ሾፕ (ለበጎ አድራጎት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ) በ4 ፓውንድ የገዛሁት። ፕሪሙን ለሁለት እየሰነጠቅሁ ዘሩን አወጣሁ። 3 ኪሎ ወጣው። መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ልጣጩ እስኪለሰልስ ማብሰል ነው። ስኳሩ ቀድሞ ከገባ ልጣጩ እንደ ጠነከረ ይቀራል፤ ይህን ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። ለአንድ ኪሎ ፕሪም አንድ ኪሎ ስኳር። ስኳሩ ከሟሟ በኋላ እሳቱን ከፍ አድርጎ አጠገቡ መቆም ነው፣ ስልክ ቢጮኽም አለማንሳት። መጀመሪያ አረፋው ነጭ ሆኖ እስከ ድስቱ አፍ ድረስ ይነሳል። ቆይቶ ይረግባል፣ ይከብዳል፣ ልክ እንደ ሽሮ መንተክተክ ይጀምራል። ያኔ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥኳትን ትንሽ ሳህን አወጣና አንድ ማንኪያ ጠብ አደርግባታለሁ። ትንሽ ጠብቄ በጣቴ ገፋ ሳደርገው፣ ፊቱ እንደ ወተት ስልባቦት ከተጨማደደ ደርሷል። ከፈሰሰ ገና ነው። ዛሬ በሦስተኛው ሙከራ ተጨማደደልኝ። ቀለሙ ጥርት ያለ ጠጅ ነው የሚመስለው።

11 ብልቃጥ ሞላ። አንዱንም ብልቃጥ አልገዛሁትም። የወይራ ፍሬ፣ የማዮኔዝ፣ የማር ነበሩ፤ ዓመቱን ሙሉ እያጠብኩ ከደረጃው ሥር ያጠራቀምኳቸው። ብልቃጥ መጣል አልችልም። ይህ ከእናቴ የወረስኩት ነው። አዲስ አበባ ቤታችን በረንዳ ላይ የኒዶ ጣሳዎች ተደርድረው ነበር፤ አንዱ ላይ ጤና አዳም፣ አንዱ ላይ በሶብላ፣ አንዱ ላይ የሥጋ መጥበሻ። ጣሳው ሲዝግ እናቴ ዝገቱን ፈትጋ ቀለም ትቀባው ነበር እንጂ አትጥለውም። ልጅ ሆኜ ይህ የድህነት ምልክት ይመስለኝ ነበር። የጓደኞቼ እናቶች የሸክላ ማሰሮ ነበራቸው፣ እኔ ደግሞ በጣሳዎቹ አፍር ነበር። አሁን ሳስበው ያ ማፈሬ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው ክረምት (እዚህ በጋ ነው የሚሉት፣ የእኛ ዝናብ በሚወርድባቸው ወራት ነው ፀሐይ የሚያዩት) ከእማማ ጋር ባቄላ እየፈለፈልን ስለ ራሽን አወራን። የእሳቸው አገር ራሽን የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1940፤ ያበቃው ደግሞ በ1954። ጦርነቱ ካለቀ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው! ዳቦ ራሽን የገባው እንዲያውም ከጦርነቱ በኋላ ነው፣ በ1946። እማማ ጦርነቱን አያስታውሱትም፣ ራሽኑን ግን አሳምረው ያስታውሱታል። ከረሜላ ከራሽን የወጣ ቀን፣ በ1953፣ እናታቸው ሳንቲም ሰጥተዋቸው ሱቅ ድረስ እንደሮጡ ነገሩኝ። ከዚያ እኔ ስለ ቀበሌ ሱቅ አወራኋቸው። ስለ ራሽን ካርዱ፣ ስለ ስኳሩና ስለ ሳሙናው፣ ዘንቢል ተሸክሜ ወረፋ ስለቆምኩባቸው ጠዋቶች። እናቴ ስኳሩን በእፍኝ ለክታ በላስቲክ አስራ ትደብቀውና እንግዳ ሲመጣ ግን ከዚያው ከተደበቀው ነበር የምታወጣው። እማማ ባቄላውን ትተው እያዩኝ ሰሙ። "እናትሽን ብተዋወቃቸው ደስ ይለኝ ነበር" አሉኝ። ባይገናኙም እኔ ሁለቱን ሴቶች አገናኝቻቸዋለሁ ብዬ ነው የማስበው። ሁለቱም የታሰረ ገመድ በመቀስ አይቆርጡም፤ በጥፍራቸው ፈትተው ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ሁለቱም ደግሞ ባልዲ ሙሉ ይሰጣሉ።

ቁጠባና ንፍገት አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔም አንዷ ነበርኩ። እዚህ መንደር ስመጣ ሰልባጅ መልበስ ሞቴ ነበር። ለንደን ያሉ ዘመዶቼ ቢያዩኝ ምን ይላሉ እል ነበር። መጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ነበርና እማማ ይዘውኝ ሄዱ። የመንደሩ ሐኪም እዚያ ለልጃቸው ቡት ጫማ በ1 ፓውንድ ሲገዙ አየሁ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እኔም የሱፍ ካፖርት በ6 ፓውንድ ገዛሁ። አምስተኛ የእንግሊዝ ክረምቴን በሱ ልገባ ነው፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የቀየርኩለት።

ከሰዓት በኋላ ማርማላታው እስኪበርድ ወደ መሬቴ ሄድኩ። አሎትመንት ይሉታል፣ ከመንደሩ ምክር ቤት የሚከራይ የአትክልት ቦታ ነው። ሙሉው ወደ 250 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ እኔ የያዝኩት ግማሹን ነው፣ በዓመት 25 ፓውንድ። ነገሩ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ሕግ ምክር ቤቶች ሰው ሲጠይቅ እንዲህ ያለ ቦታ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። እኔ ከዚህ የተሻለ ሕግ አላውቅም። ለአከራይ ለአንድ ክፍል በወር ስንትና ስንት የሚከፈልበት አገር ውስጥ፣ መቆፈር ለፈለገ ሰው መሬት ይሰጠው ብሎ የሚል ሕግ!

አፈሩ መረሬ ነው። በእነሱ ክረምት ጫማ ይነቅላል፣ ዘንድሮ በጋቸው ደረቅ ስለነበር ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት የተከልኩትን ጎመን መቼም አልረሳውም። ዘሩን በርሚንግሃም ያለች ጓደኛዬ ነበረች የሰጠችኝ፣ የሀበሻ ጎመን ነው፣ በየዓመቱ ዘር እያስቀረች የምታበቅለው። በመስኮት ላይ አፈላሁት፣ አዛወርኩት፣ ውሃ አመላለስኩለት። ከዚያ ሦስት ሌሊት ተከታታይ ሥራ ገባሁና ስመለስ አገዳው ብቻ ቆሟል። ግማሹን የዱር እርግብ፣ ግማሹን የነጭ ቢራቢሮ ትል ጨርሶታል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጎመን አይመስለኝም ያለቀስኩት፤ እናቴ ካረፈች ገና አራት ወሯ ነበር።

እማማ ይህን ሰምተው በማግስቱ የድሮ ስስ መጋረጃቸውን ይዘው መጡ። ዳንቴል ያለበት፣ ከሳሎናቸው መስኮት ያወረዱት። አራት እንጨት ተክለን በላዩ ዘረጋነው፣ ጫፎቹን በድንጋይ ያዝናቸው። ውሃና ብርሃን ያስገባል፣ ቢራቢሮ አያስገባም። እስከ ዛሬ ጎመኔ እንደ ሙሽራ ተከናንቦ ነው የሚያድገው። ዛሬም ከሥሩ አንድ ትልቅ እቅፍ ቀነጠብኩ። ስቀነጥብ ሮቢኗ እንደ ልማዷ መጣች፣ ደረቷ ቀይ የሆነች ትንሽ ወፍ። አፈር ሲገለበጥ ትል ትለቅማለች፣ ሰው አትፈራም።

ወደ ቤት ስመለስ በመንገዱ ዳር አጥር ላይ ጥቁር እንጆሪ ለቀምኩ። ዘንድሮ ቀድሞ ስለደረሰ እያለቀ ነው። ጣቴ አሁንም ወይን ጠጅ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ አንድ ገበሬ ቤት ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ አለ። ማንም አይጠብቀውም። እንቁላል፣ ዱባ፣ ሽንኩርት ተደርድሯል፣ ዋጋው በካርቶን ተጽፏል፣ አጠገቡ ክዳኗ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ አለች። ሳንቲምህን ጥለህ ዕቃህን ታነሳለህ። ሙዳየ ምጽዋት ነው የምትመስለኝ። ሳንቲሟ ስትወድቅ የምትሰጠው ድምፅ ልቤን ታሞቀዋለች፤ አምኖኝ ትቶት የሄደ ሰው አለ ማለት ነዋ። በእነሱ ጸደይ ጠረጴዛው ላይ አስፓራገስ የሚባለው አትክልት ነው የሚኖረው። እዚህ አገር ወቅቱ ኤፕሪል 23 ይጀምራል ይላሉ፣ በእነሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን። የእኛም ሚያዝያ 23 ነው። ቀኑ አይገጥምም፣ የእኛ ሜይ 1 ላይ ነው የሚውለው፤ እኔ ግን በሁለቱም ቀን አስፓራገስ እበላለሁ።

ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ሰኔ ላይ ከአንድ የአበባ መሸጫ ዋጋው ከወረደበት መደርደሪያ ላይ፣ ጠውልጋ የተጣለች ችግኝ በ50 ፔኒ ገዛሁ። ወረቀቷ ላይ ባይደንስ ይላል። ስሙ የሆነ ቦታ የማውቀው መሰለኝና ቤት ገብቼ ፈለግሁት። አደይ አበባም ባይደንስ ናት! ይቺኛዋ ከሜክሲኮ በኩል የመጣች ዝርያ ነች፣ የአደይ የአክስት ልጅ በላት። በትልቅ የወይራ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከልኳት፣ ከሥሩ በሚስማር በስቼ። አንድ ሳምንት ምንም አላለችም። ከዚያ ቀና አለች። አሁን ቆርቆሮው አይታይም፣ ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ ወርዷል። ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ነው የምትቀበለኝ።

ሐሙስ እንቁጣጣሽ ነው። ማርማላታው ሁሉ በርዷል፣ ብልቃጦቹ ላይ "ፕሪም፣ ጳጉሜ" ብዬ ጽፌ ለጥፌአለሁ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ። የእማማን ባልዲ አጥቤዋለሁ። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን አትመልስም ነበር። ሁለት ብልቃጥ ማርማላታ ከታች፣ ከላዩ ጎመን፣ ከጎኑ ቢጫዎቹን አበቦች በዚያው እማማ ባጠራቀሙት ገመድ አስሬ አስገብቻለሁ። መብራታቸው ገና አልጠፋም። ልሂድ፣ አጥሩን ላንኳኳ።