በሁለት ክሩዝ መካከል ያለችው እሁድ

ሁለት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) አከታትዬ ስይዝ ያሰብኩት ስለ ባህሩ ብቻ ነበር። አንድ ሳምንት ወደ ምሥራቅ ካሪቢያን፣ አንድ ሳምንት ወደ ምዕራብ። መርከቡ ያው ነው፤ ከማያሚ ተነስቶ ማያሚ ይመለሳል። መሃል ላይ ስላለችው እሁድ የነገረኝ ሰው የለም። እማዬን ይዤ ስለነበር ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ባህር ዳር ጣና ዳር ስላደገች ውሃ አያስፈራትም። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ረጅም መንገድ መራመድ ስለማትችል ዊልቸር እንጠይቃለን። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው፤ ግሪን ካርድ አላት። እኔ ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ይህ ልዩነት ነው በኋላ ጉድ ያደረገን።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ለሁለቱም ሳምንት ያንኑ ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) ያዙ፤ ትንሽ ቢጨምርም ክፈሉ። ካቢን የምትቀይሩ ከሆነ ሻንጣችሁን ማታውኑ ሸክፉ። የተሰቀለ ልብስ ከነመስቀያው ይወሰድላችኋል፣ ማጠፍ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሳምንት ሒሳብ በዚያ ጠዋት ይዘጋና ከካርዳችሁ ይቆረጣል። ኢንተርኔቱም አብሮ ይቋረጣል፤ ለሁለተኛው ሳምንት እንደገና ትገዛላችሁ። የአደጋ ጊዜ ልምምዱንም ትደግማላችሁ። አልጋው ያው ቢሆንም በወረቀት ሌላ ጉዞ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አሜሪካ ወደብ ላይ አንድም መንገደኛ መርከቡ ላይ አይቀርም። ቀጣዩን ሳምንት የሚቀጥለውም ጭምር ወርዶ በድንበር ፍተሻ ያልፋል። መርከቡ ላይ የቀረው መንገደኛ ቆጠራ ዜሮ እስኪሆን ድረስ አዲስ ሰው አይገባም። እስከዚያ የወረደም ተመልሶ አይገባም። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት።

ቅዳሜ ማታ በራችን ላይ ደብዳቤ ተሰክቶ አገኘሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልጻፈው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አንደኛው አዳራሽ ተሰብሰቡ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ዕቃችሁን ካቢናችሁ ውስጥ መተው ትችላላችሁ ይላል። እኔ በደብዳቤ ብቻ የምተማመን ሰው አይደለሁም። እንግዳ መቀበያው ድረስ ወርጄ ጠየቅኩ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ፓስፖርትና የመርከቡ ካርድ ይበቃል» አለችኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። የእማዬን ግሪን ካርድ ከወርቋ ጋር ካዝናው ውስጥ ተውኩት። ካቢን አንቀይር፣ ምን አሸከመኝ ብዬ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከበረንዳችን ሆነን ወደቡን ስናይ ደስ ይል ነበር። ፎርክሊፍቶች እየተመላለሱ እንቁላልና አትክልት ያስገባሉ፣ በሌላ በር የሻንጣ ክምር ይወጣል። ሦስት ሺህ ሰው ወርዶ ሌላ ሦስት ሺህ ሰው ከሰዓት በኋላ ይሳፈራል፤ በመሃል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው። እማዬ «ይሄ ሁሉ ሰው መቼ ተኛ?» አለች።

1 ሰዓት ላይ ኢንሱሊኗን ወጋች፣ ቁርስ በላን። የዚያን ቀን ቡፌው ቶሎ ስለሚዘጋ ጥድፊያ ነበር፤ እንደወትሮዋ አልበላችም። አንድ ሙዝ በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አየኋት፤ ዝም አልኩ። ፍራፍሬ ይዞ መውረድ ክልክል እንደሆነ ማታ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። ሰምቻለሁ።

አዳራሹ ውስጥ 4 ሰዓት ከሩብ ድረስ ተቀመጥን። ከዚያ በቡድን አወረዱን። መጀመሪያ ሙዙ ሄደ። ፈታሹ ቦርሳዋን ከፍቶ አወጣውና ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ሕጉ ነው፣ በሱ አልፈርድም።

ቀጥሎ ካሜራው ነው። እኔ ፊቴን አሳይቼ በሰከንድ አለፍኩ። እማዬን ግን ወደ ጎን አደረጓት። የድንበር መኮንኑ ፓስፖርቷን አገላብጦ አየና ግሪን ካርዷን ጠየቀ።

«ካቢን ውስጥ ነው» አልኩት።

«አምጡት።»

«ተመልሼ እንዳልገባ መርከቡ ከልክሏል።»

«እሱን ከመርከቡ ጋር ተነጋገሩ።»

የመርከቡን ሠራተኛ ጠራሁ። እሷ ደግሞ «ቆጠራው ዜሮ ካልሆነ ማንም አይገባም፤ መኮንኑን አነጋግሪ» አለችኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እንዲነጋገሩ ብለምንም አንዱ ወደ ሌላው አንድ እርምጃ አልሄደም። ማታ «ይበቃል» ያለችኝ ልጅ ፊት ብቻ ነበር በዓይኔ ላይ የሚመጣው። ግን ልጅቷን ብቻ ማማረር አልችልም። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሰው ካርዱን ሁልጊዜ ይዞ መንቀሳቀስ እንዳለበት ሕጉ ይላል። ይህን ደግሞ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ ያመጣኋት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ አንድ የጥበቃ ኃላፊ መጣ። የካዝናውን ቁጥር በወረቀት ጻፍኩለት። ሁለት ሰው ሆነው መግባት አለባቸው አለ፤ ሁለተኛውን ሰው መጠበቅ ተጀመረ።

5 ሰዓት ሊሆን ሲል እማዬ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። አዳራሹ በኤሲ ቀዝቅዞ ሳለ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጣቶቿ ነጠላዋን እየፈለጉ ይንቀጠቀጣሉ። «ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለችኝ። መለኪያዋ ካቢን ውስጥ ነው። ዳቦ ቆሎዋም ካቢን ውስጥ ነው። ሙዟ ቅርጫት ውስጥ ነው። በአጠገባችን መሸጫ የለም፤ ወጥቼ ልፈልግ ብል እሷን ጥዬ መሆኑ ነው። «ስኳሯ ወረደ!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ መጮሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከቡድናችን አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ነበረች፣ ሳትጠየቅ ቦርሳዋን ከፍታ መጣች። ከረሜላ፣ የታሸገ ብስኩት፣ የመድኃኒት ዕቃ፣ ሹራብ፤ ሁሉ አላት። ከረሜላውን ላጠችና እማዬ አፍ ውስጥ አደረገችው። ከዚያ ሁለተኛ። አንድ ሠራተኛም ጭማቂ ይዞ ደረሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የእማዬ ፊት ተመለሰ። በአማርኛ «እግዜር ይስጥሽ፣ እግዜር ያክብርሽ» አለቻት። ሴትየዋ ገባት መሰለኝ፣ እጇን ሳመቻት። ለኔ ደግሞ ይህን ቀን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ያለዚህ ቦርሳ አልወርድም አለችኝ። መርከቡ ሊሰጠኝ የሚገባውን ምክር የሰጠችኝ እሷ ናት።

ካርዱ የመጣው 6 ሰዓት ሲሆን ነው። መኮንኑ አሥር ሰከንድ አየውና መለሰው። የኛ ቡድን ቀድሞ ገብቶ አልቋል። እኛ ከአዲሶቹ ተሳፋሪዎች ጋር ተሰልፈን ገባን።

መርከቡ ሁሉን ትታችሁ ውረዱ ይላል። አትስሙት። ትንሽ ቦርሳ ያዙ፦ ዋናው ግሪን ካርድ፣ ፓስፖርት፣ የዕለቱ መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያ፣ ከረሜላ፣ እሽጉ ያልተከፈተ ብስኩት፣ ሹራብ። ፍራፍሬ በፍጹም። ስኳር ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሆነ ስለዚያ ጠዋት ቁርስና ኢንሱሊን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከቁርስ በኋላ ሌላ ምግብ እስክታገኙ የአምስት ሰዓት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። እንግዳ መቀበያው ጋ ስትጠይቁ ደግሞ «ምን ልያዝ?» አትበሉ። «ዜጋ ያልሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ምን ይያዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሰጣችሁን ሰው ስም ጻፉ። ዊልቸር ከፈለጋችሁ ማታውኑ አስመዝግቡ።

ወላጆቻችሁ በጉብኝት ቪዛ የመጡ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። መርከቡ ማያሚ በተመለሰ ቁጥር አሜሪካ እንደ አዲስ መግባት ነው፤ ሁለት ክሩዝ ሁለት መግቢያ ይፈልጋል። ቪዛው ላይ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚል ከሆነ በአውሮፕላን ሲመጡ አልቋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛውን አውጡና አንብቡት። የክሩዝ ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም።

ሁለተኛው ሳምንት ደህና አለፈ። የሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ላይ እማዬ እግሯን ባህር ውስጥ ነክራ ሳቀች። በመጨረሻው እሁድ ጠዋት ካቢኑን ልንለቅ ስንል፣ ገና አፌን ሳልከፍት ቦርሳዋን ፈታች። ግሪን ካርዷን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ከሥሩ አራት ከረሜላ። አሳየችኝና መልሳ ቋጠረችው።

«ያንቺስ ፓስፖርት አለ?» አለችኝ።