የኤስኤቲ ስኮሬ ሳይመጣ ዴድላይኑ ሲደርስብኝ ምን አደረግኩ

ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) የወሰድኩት ኅዳር 28 ቀን 2017፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 7 ቅዳሜ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ። የማመለክትባቸው የአብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች (ኮሌጆች) ዴድላይን ጃንዋሪ 1 ነበር። ኦክቶበር ላይ ብወስድ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ግን ክፍያው በዶላር ነው፣ የኛ ካርድ ደግሞ አልሰራም፣ ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ እስኪከፍልልኝ የኦክቶበሩ ምዝገባ አለፈኝ። ስኮር በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል ስለተባለ ቀን ቆጥሬ በቃ ይደርሳል ብዬ ተረጋጋሁ።

የወጣ ቀን ቴሌግራም ግሩፓችን በስክሪንሻት ተሞላ። እኔ አካውንቴን ስከፍት የኔ የለም። አብራኝ አንድ ክፍል ውስጥ የተፈተነችው ጓደኛዬ አይታ ጨርሳለች፣ እኔ ጋ ግን ባዶ ነው፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሪፍሬሽ ሳረግ አመሸሁ። ስኮር ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንደማይወጣ፣ የአንዳንዱ ሰው ቀናት ቆይቶ እንደሚመጣ ያወቅኩት ከዛ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሁድን ስልክ ላይ አፍጥጬ አሳለፍኩ፣ ኤሴዬን (ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ጽሑፍ) እንኳን አልነካሁትም፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ስልኬን ከእጄ ወሰደች። "ጽሑፍሽን ጨርሰሻል? አልጨረስሽም። በይ ተነሺ እሱን ጨርሺ፣ ስልኩን እኔ አይልሻለሁ" አለችኝ። ተነሳሁ። ካውንስለራችን ጋ ሄድኩና "ሚስ፣ አልቆልኛል" ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ስኮሩ አይደለም፣ ከሰባቱ ትምህርት ቤቶች ስኮር ግድ የሚሉት የትኞቹ ናቸው አለችኝ። በቅጡ አላውቅም ነበር። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 መልሰው ግዴታ ስላደረጉት ሁሉም ቦታ እንደዛ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቁጭ ብለን የየአንዳንዱን ገጽ ስናይ ግዴታ የሚሉት ሁለቱ ብቻ ሆነው ተገኙ፣ አምስቱ ያለ ስኮርም ይቀበላሉ። እዛው ወንበር ላይ ትንፋሼ ተመለሰ።

ከዛ ኢሜይል። እዚህ ጋ ሰዓቱን አስቡት፣ አሜሪካ ምሥራቁ ጋ ቢሮ የሚገቡት በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እና ቀኑ ዲሴምበር 23 ነበር። ለኛ ጾመ ነቢያት ላይ ያለ ተራ ሰኞ ነው፣ ገናችን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ እነሱ ግን ቢሮ ሊዘጉ ነው። የጻፍኩት አጭር ነበር፦ ዲሴምበር 7 ተፈትኛለሁ፣ ውጤቴ እስካሁን አልወጣም፣ አፕሊኬሽኔን በቀኑ አስገባለሁ፣ ስኮሩ ከዴድላይኑ በኋላ ቢደርሳችሁ ትቀበሉኛላችሁ ወይ? ሙሉ ስሜንና የልደት ቀኔን ጨመርኩበት። ስኮር ግድ ከሚሉት አንዱ የዛኑ ማታ መለሰልኝ፣ አፕሊኬሽኑ በሰዓቱ ይግባ እንጂ ስኮሩ ጃንዋሪ ውስጥ ቢመጣ ችግር የለም አለኝ። ከሌላው የመጣው ጃንዋሪ 2 እንመለሳለን የሚል አውቶማቲክ መልስ ነው። አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ የመጀመሪያውንም መልስ አላገኝም ነበር። ስኮሩ እስኪዘገይ አትጠብቁ፣ ገና ተፈትናችሁ እንደወጣችሁ ጠይቁ።

ስኮሩ ታኅሣሥ 18 ማታ መጣ፣ እማዬ ናት ያየችው። ግን ከዛ በፊት ፍርሃት ይዞኝ ለሁለት ትምህርት ቤቶች ሰብሚት አርጌ ነበር፣ ስኮርሽ ይታይልሽ ወይ የሚለውንም አይ ብዬ። ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቦታ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ላይ አንዴ ከላካችሁ በኋላ ብታስተካክሉ ለተላከው ትምህርት ቤት አይደርስም። አንዱ በራሱ ፖርታል (የአመልካቾች ገጽ) እንድጨምር ፈቀደልኝ፣ ሌላኛው አፕሊኬሽንሽ ያለ ስኮር ነው የሚታየው ብሎ ዘጋው። የቀሩትን አምስቱን ከነስኮሩ ዲሴምበር 30 ላይ ላክኩ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ መብራት ወይ ኔትወርክ ቢጠፋስ ብዬ። በነገራችን ላይ ኮመን አፕ ላይ ዴድላይኑ የሚቆጠረው እናንተ ባላችሁበት ሰዓት ነው፣ ማለትም በኛ ማታ 5፡59፣ የአሜሪካን 8 ሰዓት ልዩነት እንደ ትርፍ እንዳትቆጥሩት።

አለቀ ስል ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ግዴታ ከሚሉት አንዱ ፖርታል ላይ ስኮር አልደረሰንም ይላል። ልኬያለሁ፣ ተከፍሎበታል፣ ደርሷል የሚል ማረጋገጫም አለኝ። ሁለት ቀን ካለቀስኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ የፈተናው አካውንት ላይ መጨረሻ ስሜ የአባቴ ነው፣ አፕሊኬሽኑ ላይ ግን እንደ ፓስፖርቴ የአያቴን ነው የሞላሁት። ለነሱ ሁለት የተለያየን ሰዎች ነን። ፓስፖርቴን ስካን አርጌ፣ የአባቴና የአያቴ ስም እንዴት እንደሚሄድ በሁለት መስመር አስረድቼ፣ የፈተና ምዝገባ ቁጥሬን ጨምሬ ላክኩላቸው። በሦስተኛው ቀን አገናኙትና ፖርታሉ ላይ ምልክቱ አረንጓዴ ሆነ።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ስትመዘገብ ፓስፖርቷን ኪቦርዱ አጠገብ ዘርግቼ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራሁላት ነው ያስሞላኋት፣ የተመዘገበችውም ለኦገስት ነው።