ሽያጫችን ከዜሮ በታች ወረደ

የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝና የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ቶሎ ድረስ! ሲስተምህ ዕዳ ውስጥ ዘፈቀን።»

ስደርስ የዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሏል፦ −21,446,454.56 ብር። ሽያጭ ከመቼ ወዲህ ነው ከዜሮ በታች የሚወርደው? እሳቸው በማሽን ደምረው 21,503,218.40 አግኝተዋል። የደመሩበት ጥቅል ወረቀት ከጠረጴዛው ወርዶ መሬት ነክቷል።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ግማሽ ቀን ደረሰኝ ሳገላብጥ ዋልኩ። ምንም የለም። ተስፋ ስቆርጥ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የመቀነስ ምልክቷን ትቼ፣ ደመርኳቸው። 42,949,672.96። ነጥቧን ሳወጣት 4,294,967,296 ሆነ። ላብ አጠመቀኝ። ይህ 32 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚመጣው ቁጥር ነው።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ሽርፍራፊ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ብሩን ሁሉ በሳንቲም ነው የማስቀምጠው። እሱስ ደግ ነው። ማስቀመጫውን ግን ባለ 32 ቢት አደረግኩት፤ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ትንሿ የኮምፒውተር ቦታ ናት። አንዱ ቢት ለምልክቱ ይሄዳል። በቀሩት 31 ቢቶች የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፤ በብር 21,474,836.47። አንድ ሳንቲም ብቻ ሲጨመርበት ይገለበጥና ከታችኛው ጫፍ ይጀምራል።

2,147,483,647 ራሱ ግን ያስገርማል። ፕራይም ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ይህን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1772 ነው። እስከ 46,340 ያሉትን ፕራይሞች ሁሉ መሞከር ሲጠበቅበት፣ አብዛኞቹ እንደማያስፈልጉ አሳይቶ በጥቂቶቹ ጨረሰው። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ፕራይም የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሁሉ በስሜት ሳስረዳቸው ኃላፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አይካፈል! እኔ የምፈልገው እንዲደመር ነው።»

ወደ 64 ቢት ቀየርኩት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኮዱን በሙሉ ፈተሽኩ። ሌላም ተገኘ፦ ሰዓቱ። እ.ኤ.አ. ከ1970 መባቻ ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥረው በዚያው ጠባብ ማስቀመጫ ነው። የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያ ወደ እ.ኤ.አ. 1901 ይመለሳል።

ጠዋት ነገርኳቸው። «ጥር 11? በጥምቀት?» አሉ። «ጃን ሜዳ ነኝ፤ እንዳትደውልልኝ።»