ፊልም ለፒቦዲ ከመላክህ በፊት ፊርማህን ሰብስብ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ወይም ደሴ ተቀምጦ ዘጋቢ ፊልሙን ወደ ውጭ ውድድር ለመላክ ለሚያስብ ሰው ነው። እኔ ስጀምር የጠየቅኳቸው ሁሉ ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ነገሩኝ። ስለ ማህተም የነገረኝ የለም።

ፊልማችን ስለ ጎንደር ውሃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል ይሞላል፣ ከተማዋ ትሰፋለች፣ ሰዉ በፈረቃ ውሃ ይጠብቃል። የመገጭ ግድብ ያልቃል እየተባለ ስንቱ ጄሪካን አርጅቶ ተጣለ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን በራሳችን ካሜራ ቀረፅን፣ በራሳችን ላፕቶፕ ኤዲት አደረግን። እሱ ቀላሉ ነበር።

ውድድር መምረጥም አይከብድም፤ ደንብ ማንበብ ብቻ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ዱፖንት በ1942 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ አሸናፊው የብር በትር የሚቀበልበት ትልቅ ሽልማት ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ የተላለፈ ሥራ ይፈልጋል። ጣሊያኖች በ1948 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ፕሪ ኢታሊያ ደግሞ የሚገባው አባል በሆኑ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በኩል ነው። የሮሪ ፔክ ሽልማት ለፍሪላንስ ካሜራ ሰው የቆመ ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ሲቀርፅ በተገደለ ባለሙያ ስም ይጠራል። የሚያተኩረው ግን ዜናና ወቅታዊ ጉዳይ ላይ ነው። እኛ ፒቦዲን መረጥን። በ1940 እ.ኤ.አ. ለሬዲዮ ተብሎ የተመሠረተ፣ የአሜሪካው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ሽልማት ነው። ዳኞቹ በአብላጫ ድምፅ አይሸልሙም። ሁሉም ካልተስማሙ ሽልማት የለም። ይህን ሳነብ ልቤ ተነሳሳ።

ክፍያው በዶላር ነው፤ የብር ካርድ አይሠራምና ውጭ ያለ ዘመድ ቀድማችሁ አናግሩ። ፊልሙን ሌሊት ጫኑ፤ መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። ለእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጎበዝ ሰው ቅጠሩ፤ እዚያ ላይ አትሰስቱ። ማሲንቆ ለተጫወተልን አዝማሪ ከፍለን በጽሑፍ ተስማማን። አለቀ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ለየትኛውም ውድድር ስትልኩ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ምስልና ድምፅ የመጠቀም መብት እንዳላችሁ ታረጋግጣላችሁ። እኛ የራሳችን ያልሆነ አንድ ነገር ብቻ ነበረን፤ ግድቡ በተሠራበት ዘመን የተቀረፀ አጭር የቪዲዮ ምስል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ካሴቱ ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን ተዉት። ኮፒውን የሰጠን ሠራተኛ ደግ ሰው ነበር። ሻይ ጋብዞን፣ ከአቧራው አራግፎ ሰጠን። «ተጠቀሙበት፣ የሕዝብ ነው» አለ። በቃል።

«ይህንኑ በጽሑፍ ስጡን» ስንል ነገሩ ተቀየረ። መጀመሪያ ማመልከቻ አስገቡ ተባልን። አስገባን። መዝገብ ቤት ተቀበለና «ማህተም የለውም» ብሎ መለሰው።

«ግለሰብ ነን» አልኩ።

«ግለሰብ ከሆናችሁ ተቋማችሁ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ።»

ተቋም ቢኖረኝ ግለሰብ ነኝ እል ነበር? ለማንኛውም የጓደኛዬ የፎቶ ቤት ንግድ ፈቃድ ነበረው፤ በእሱ ማህተም አስገባን። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው። ደብዳቤው ለሕግ ባለሙያ ተመራ። ባለሙያው የቀረፀው ሰው ማን እንደሆነ አጣሩ ብሎ መልሶ ወደ ካሴቱ ክፍል መራው። ያ ሻይ የጋበዘን ሰው እኛን ሲያይ አንገቱን መድፋት ጀመረ። አንድም ሰው «አይቻልም» አላለንም። ማንም ደግሞ አልፈረመም። የሚያናድደው ይሄ ነው። «አይሆንም» ቢሉን በዚያው ቀን ሌላ መላ እንፈልግ ነበር። የማስገቢያው ጊዜ ግን አይጠብቅም።

በመጨረሻ ኃላፊው ተገኙ። ጥሩ ሰላምታ ሰጡኝ፣ አስቀመጡኝ።

«የምን ሽልማት ነው?»

«የአሜሪካ ነው፣ ለዘጋቢ ፊልም።»

«አሜሪካኖች የጎንደርን ውሃ ምን ያደርጉታል?»

ፊልሙን በስልኬ አሳየኋቸው። ጸጥ ብለው አዩ። ቀበሌ ቧንቧው ላይ የጄሪካን ሰልፍ ሲመጣ ስልኩን መለሱልኝ። «ይሄ የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል። እሱን አውጣና እፈርምልሃለሁ» አሉ። ቀጠሉና ሰባ ሰባትን አነሱብኝ። «ያኔ በኮረም ያሳዩን እስካሁን አልለቀቀንም። ዛሬም ኢትዮጵያ ሲባል የሚታወሳቸው ረሃብ ነው።»

ልክ አይደሉም አልልም። ጥቅምት 1977 በቢቢሲ የታየውን የኮረምን ምስል የቀረፀው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፤ ዓለም ያለቀሰው በእሱ ካሜራ ነው። እኛም በዚያ ምስል ስንጠራ ኖረናል፣ ያማል። ግን ረሃቡን ካሜራ አላመጣውም። ደግሞ ይሄኛውን ፊልም የቀረፀው ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ እናቴ አለች! ይህን ሁሉ አልኳቸው፤ በአክብሮት፣ «እርስዎ» እያልኩ። «አስብበት» ብለው ሸኙኝ።

ሰልፉን አላወጣሁም። ያወጣሁት የእነሱን ካሴት ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ ዘመዴ ያሳየኝን ላካፍላችሁ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ በ410/1996፣ ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል። የፎቶግራፍ ግን 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ድሮ የተነሱ ፎቶዎች ፍለጋ ገባን። ፒያሳና አራዳ አካባቢ በየቤቱ አልበም አለ። ግድቡ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ የነበሩ ሰው ቆመው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተገኘ፤ ዕድሜውም ከ25 በላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ቤተሰቡን አስፈቅደን በወረቀት አስፈረምን። በእውነት ከዚያ ካሴት ይበልጣል። ካሴቱ ላይ ባለሥልጣን ሪባን ይቆርጣል። ፎቶው ላይ አካፋ አለ።

በፊልም ሥልጠና ላይ «መጀመሪያ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ውረዱ» ይባላል። እኔ አልስማማም። አስገዳጅ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ሰዉ ጋ ውረዱ። ሰው ከቢሮ ይፈጥናል። ቧንቧው ላይ የቀረፅናቸውን አንዲት እናት የስምምነት ወረቀቱን አንብቤላቸው ስጨርስ፣ «ልጄ፣ ውሃው የሚመጣ ከሆነ ሁለቴ እፈርማለሁ» አሉኝ። እስክሪብቶው ባይሠራላቸው በጣታቸው አተሙ። ማህተም ማለት ይሄ ነው። ቢሮ የግድ ካስፈለገ ደግሞ ኤዲት ሳትጀምሩ ደብዳቤውን አስገቡ። ፊርማው እስኪመጣ ያንን ምስል ታይምላይን ላይ፣ ማለት ኤዲት በምታደርጉበት መስመር ላይ፣ አታስቀምጡት። አንዴ ካስቀመጣችሁት ትለምዱታላችሁ፣ ከዚያ ቢሮው ይጫወትባችኋል። ቃል የሰጣችሁን ሰው ደግሞ እዚያው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አስፈርሙት።

አላሸነፍንም። ፒቦዲ ከሺህ በላይ ሥራ ይገባለታል፣ የሚሸልመው ሠላሳ ገደማ ነው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ፊልሙን በዩቲዩብ ስንለቀው የጎንደር ልጆች ከየአገሩ ተቀባበሉት፤ እናቴም ራሷን አይታ «ነጠላዬ ቆሽሿል፣ ለምን አልነገርከኝም» ብላ ተቆጣችኝ።

በቅርቡ ከዚያው መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። የፊልሙን ኮፒ ለማህደራቸው ይፈልጉታል። ከነጄሪካኑ ሰልፍ። ደስ ይለኛል አልኩ፤ ብቻ በደብዳቤ፣ ማህተም ተደርጎበት ይምጣ። ደብዳቤው እስካሁን አልደረሰኝም፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው መሰለኝ።